ሰሙ ፉከራ፣ ወርቁ ፍርሃት

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. ኢንተርኔት ሲቋረጥ ስልኬ ላይ የነበረው ሙሉ አልበም አንድ ብቻ ነበር። ሌላውን ሁሉ ከዩቲዩብ ነበር የማዳምጠው፤ አውርጄ አላስቀመጥኩም። ይሄኛውን ግን ከዓመታት በፊት አንድ ሙዚቃ ቤት ሚሞሪዬ ላይ አስጭኜው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ በቀየርኩ ቁጥር አብሮኝ ይሻገራል። 16 ትራክ ነው። «ዘ ኢንፌመስ» ይባላል። የአሜሪካ ራፐሮቹ የሞብ ዲፕ ሁለተኛ አልበም።

ደብረ ማርቆስ ነበርኩ። ያን ክረምት ተኩስ እየሰማን ያደርንባቸው ሌሊቶች ነበሩ። መብራት እናጠፋለን። እናቴ ፍራሹን ከመስኮቱ ታርቀዋለች፣ ሁላችንም ግድግዳው ሥር እንደረደራለን። ማንም አይተኛም፣ ማንም አያወራም። እኔ አንዱን ኢርፎን ጆሮዬ ውስጥ አደርጋለሁ፣ ሌላውን ጆሮዬን ለውጭው እተወዋለሁ። ድምፁን በጣም ቀንሼ ነው የማዳምጠው፤ የጎረቤት ውሻ እንኳ ሲጮኽ እንዳያመልጠኝ።

አልበሙን ከዚያ በፊት ስንት ጊዜ እንደሰማሁት ቁጥሩን አላውቀውም። እነዚያ ሌሊቶች ላይ ግን ገና መስማቴ መሰለኝ። እስከዚያ ድረስ የማይፈሩ ልጆች አልበም ነበር ለእኔ። ልቡ የደነደነ፣ ማንም የማይነካው፣ ሰፈሩ ውስጥ ደረቱን ነፍቶ የሚሄድ ጎረምሳ ድምፅ። ግድግዳው ሥር ተቀምጬ ሳዳምጠው ግን ሌላ ነገር ሰማሁ። እነዚህ ልጆች እንደኔው ፈርተዋል። ፈርተው ነው የሚፎክሩት።

ስለዚህ አልበም ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። አሁን ልጨርሰው።

መጀመሪያ ያገኘሁት በራሱ በር አልነበረም። ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ነበር፤ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበን ፊልም እናያለን። አንድ ቀን የኤሚነም «ኤይት ማይል» ተከፈተ፤ በ2002 የወጣው። (የአሜሪካኖቹን ዓመት በእነሱ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የእኛን ስጽፍ ዓ.ም. እላለሁ።) ፊልሙ ሲጀምር ልጁ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ጆሮው ላይ ማዳመጫ አድርጎ፣ ለውድድር ይለማመዳል። ከማዳመጫው የሚወጣው ዘፈን ገና ከመጀመሪያው ያዘኝ። ፒያኖ ነው ወይስ ደወል? አይለይም። ታች የሆነ የሚያጉረመርም ነገር አለ። መጨረሻ ላይም፣ በወሳኙ ግጥሚያ፣ ያው ቢት፣ ከራፑ ሥር የሚሄደው ሙዚቃ፣ ተመልሶ መጣ። ከፊልሙ በኋላ ይሄ የማን ነው ብለን ስንጠያየቅ፣ አዲስ አበባ ትንሽ ቆይቶ የመጣ አንድ የሰፈራችን ልጅ «እሱ የኤሚነም አይደለም፤ የሞብ ዲፕ ነው» አለ። ሙዚቃ ቤቱ ጋ ሄጄ አስጫንኩት።

ሞብ ዲፕ ሁለት ልጆች ናቸው። ሃቮክና ፕሮዲጂ። ሁለቱም የተወለዱት በ1974 ነው። የተገናኙት ኒው ዮርክ፣ ማንሃተን ውስጥ አንድ የሥነ ጥበብ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሃቮክ ኩዊንስብሪጅ ያደገ ነው፤ በ1939 የተከፈተ፣ 96 ሕንጻ ያለው፣ ከ3 ሺህ በላይ ቤቶች የያዘ የመንግሥት መኖሪያ መንደር። በአሜሪካ ከዚያ የሚተልቅ የሕዝብ መኖሪያ የለም። ፕሮዲጂ ደግሞ ከሎንግ አይላንድ፣ ከሄምፕስቴድ ነው። የሙዚቃ ዘር አለው። አያቱ በድ ጆንሰን ስመ ጥር የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋች ነበሩ።

ሲጀምሩ ስማቸው ሞብ ዲፕ አልነበረም። «ፖኤቲካል ፕሮፌትስ» ነበር። ወደ እኛ ስናመጣው ባለቅኔ ነቢያት ማለት ነው። ይህን ሳነብ ቆም ብዬ ደግሜ አነበብኩት። የቅኔ አገር ልጅ ነኝና።

የመጀመሪያ አልበማቸው በ1993 ወጣ። «ጁቨናይል ሄል»። ገና 18 ዓመታቸው ነበር። ዲጄ ፕሪሚየርን የመሰሉ ስማቸው የገነነ ሰዎች እጃቸውን አስገብተውበታል። ግን አልተሸጠም፤ አሳታሚያቸውም አሰናበታቸው። እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ። መጥፎ አይደለም። ግን ይጮሃል። የዚያን ጊዜ ሌሎች ራፐሮች የሚጮሁትን ጩኸት ነው የሚጮኸው። ማን እንደሆኑ አታውቅም። ከየት እንደመጡም አይታወቅህም።

ከዚያ ሁለት ዓመት። በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሃቮክ ቢት መሥራት ላይ ጠንክሮ ሠራ። ሌላ አሳታሚ አገኙ፤ ላውድ ሪከርድስ። ሁለተኛው አልበም ኤፕሪል 25 ቀን 1995 ወጣ። በእኛ ሚያዝያ 17 ቀን 1987 ዓ.ም.። 21 ዓመት የሞላው ከሁለቱ አንድም አልነበረም፤ ሃቮክ ሃያ አንድ ሊሞላው ሳምንታት ቀርተውት ነበር፣ ፕሮዲጂ ግማሽ ዓመት ገደማ ያንሰዋል። ብቻ ልጆች ነበሩ። የመጀመሪያው ትራክ ርዕስ ላይ የራሳቸውን የመንደር ጥግ ስም አስገቡት፣ «41ኛው በኩል» ብለው። የኔ ቀዬ ይሄ ነው እንደማለት። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከዚያ ጥግ የሚታየው ብቻ ነው።

አሁን ወደ አጎቴ ልሂድ። ካለ እሳቸው ይህን አልበም ማስረዳት አልችልም።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ቅኔ ያስተምራሉ። ደብረ ኤልያስ በኩል። ጎጃም ላይ ቅኔ ማለት ምን እንደሆነ ለጎጃም ሰው አይነገርም፤ ጎንጅ፣ ዋሸራ፣ ዲማ፣ ደብረ ኤልያስ... ከሌላ አገር ተማሪው አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚመጣበት አገር ነው። ሀዲስ ዓለማየሁም በልጅነታቸው ደብረ ኤልያስ ተምረዋል። እኔ ዘመናዊ ተማሪ ነኝ፤ ግን ሁለት ክረምት እናቴ እሳቸው ጋ ልካኝ ነበር። አጎቴም ቢሆኑ እንደ ተማሪዎቹ «የኔታ» ነው የምላቸው።

ጀማሪ የሚጀምረው ከጉባኤ ቃና ነው። ሁለት ቤት ብቻ። መወድስ ስምንት ቤት ነው፤ እሱ ለበሰሉት ነው። ተማሪው ቀን ጋቢውን ተከናንቦ ሜዳ ላይ ቅኔውን ይቆጥራል፤ ከዚያ ለአስነጋሪው፣ መምህሩን ለሚያግዘው የበሰለ ተማሪ፣ ወይም ለመምህሩ ይነግራል። እኔ ስንት ቀን አምጬ ሁለት ቤት ሠራሁ። ቤቱ መትቷል፤ ልኩ ሞልቷል። ደስ ብሎኝ ነገርኳቸው። የኔታ ዝም ብለው ሰሙኝ። ከዚያ «ሰሙ ያንተ ነው፤ ወርቁን ግን ከሰው ቤት አመጣኸው» አሉኝ። ሌላ ተማሪ በዚያው ሳምንት የተቀኘውን ነበር አዙሬ ያመጣሁት፣ ሳላውቀው። «ሁለተኛ ሥራ። ከሰማኸው ሳይሆን ከደረሰብህ ሥራ» አሉኝ።

ሁለተኛ ሥራ። «ዘ ኢንፌመስ»ን ሳስብ ይህች ቃል ትመጣብኛለች። የመጀመሪያው አልበም ላይ ወርቁ የሰው ነበር። ሁለተኛው ላይ የደረሰባቸውን ይዘው መጡ።

የኔታ እንዳስተማሩኝ ሰምና ወርቅ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሰሙ የተገፈፈበት አለ። ኅብር አለ፣ አንድ ቃል ሁለት ሆኖ የሚያድርበት፤ አባይ ወንዙም ነው፣ ውሸታሙም ነው እንደምንለው። እኔ አብልጬ የምወደው ግን ውስጠ ወይራ የሚባለውን ነው። ላዩን ሌላ ነገር ነው፣ ፀጥ ያለ፣ የታወቀ። ውስጡ ወይራ ነው። እስክትሰብረው ድረስ አታውቅም።

ይህ አልበም ውስጠ ወይራ ነው። ላዩ ፉከራ ነው።

ፉከራ ደግሞ እናውቃለን። ሠርግ ላይ አንዱ ተነስቶ «ዘራፍ!» ሲል ቤቱ ይናወጣል። የገደለውን ይቆጥራል፣ የአባቱን የአያቱን ስም ይጠራል፣ ዱላውን ይሰብቃል። ልጅ ሆኜ የሚፎክር ሰው የማይፈራ ሰው ይመስለኝ ነበር። ሳድግ ነው የገባኝ። ፉከራ ከውጊያ በፊት ነው የሚፎከረው። ከውጊያ በፊት ደግሞ የማይፈራ የለም። ጎበዙ የሚፎክረው ለጠላቱ ብቻ አይደለም፣ ለራሱ ጉልበትም ጭምር ነው፣ እንዳይብረከረክበት።

አሁን የአልበሙን ታዋቂ ዘፈን ስሙት። «ሹክ ዋንስ፣ ክፍል ሁለት»። ርዕሱ የተናወጡት፣ የደነገጡት ማለት ነው። ላዩን ሲታይ ሌሎችን ነው የሚሳደበው፤ ጀግና ነን እያላችሁ ስትመጡ ያየናችሁ፣ ውስጣችሁ የሚንቀጠቀጥ፣ ግማሽ ልብ ያላችሁ። ግን ዘፈኑ ስለ ፍርሃት እንዲህ አድርጎ የሚያውቀው ከየት ነው? የሚንቀጠቀጥ ሰው ዓይን ምን እንደሚመስል፣ ትንፋሹ የት ላይ እንደሚቆረጥ የሚያውቀው ማን ነው? ራሱ የተንቀጠቀጠ ነው። ፕሮዲጂ ዘፈኑ ውስጥ ዕድሜውን ይናገራል፤ 19 ነኝ፣ አእምሮዬ ግን ያረጀ ነው ይላል። ይህን የሚል ልጅ ደፋር ነኝ እያለ አይደለም። ልጅነቴን ወስደውብኛል እያለ ነው።

ያን ክረምት እዚያ ግድግዳ ሥር ያ ቦታ ሲደርስ ታናሽ ወንድሜን አየሁት። እሱም 19 ነበር። ጉልበቱን አቅፎ በጨለማው ወደ በሩ ያያል። ቀን ከጓደኞቹ ጋር ሲሆን የሚያወራውን አውቃለሁ። ማታ ፊቱን ያየሁት እኔ ነኝ።

«ቴምፕረቸርስ ራይዚንግ» ሰባተኛው ትራክ ነው። ስለሱ ብዙ አይወራም፣ እኔ ግን ከሁሉ የምወደው እሱን ነው። ፖሊስ ለሚፈልገው፣ ለተሸሸገው የሃቮክ ወንድም የተዘፈነ ነው። በቀጥታ ለእሱ ነው የሚያወሩት። የትም ሁን፣ በርታ፤ ሰፈሩ እንዲህ ሆኗል፣ እነ እንትና እንዲህ ብለዋል፣ ተጠንቀቅ። ደብዳቤ ነው። አዝማቹን የምትዘፍነው ሴት ድምፅ ለስላሳ ነው፣ እህት እንደምታለቅስ ዓይነት። ጎጃም ውስጥ ሸፍቶ ጫካ የገባ ዘመድ ያልነበረው ትውልድ መቼም አልነበረም፤ አያቶቻችን እህል ሲፈጩ ለሸፈተ ወንድም ያንጎራጎሩትን እናቴ ዛሬም ታውቀዋለች። ወንድም የት እንዳለ ሳታውቅ ለእሱ ማውራት። ይህን ለማወቅ እንግሊዝኛ አያስፈልግም።

ከዚያ «ድሪንክ አወይ ዘ ፔይን» አለ፣ 14ኛው። እሱ ያለ ጥርጥር ቅኔ ነው፤ አጎቴ ቢሰሙት ሰምና ወርቁን ወዲያው ያወጡታል። ልጆቹ ስለ ሴት ፍቅር ያወሩ ይመስላል፤ አፈቀርኳት፣ ጎዳችኝ፣ ልተዋት አልቻልኩም። ሴትየዋ መጠጥ ናት። የመጠጥ ስም ነው የሴት ስም ሆኖ የሚጠራው። ራፐሩ ኪው ቲፕ ደግሞ ይገባና የልብስ ብራንድ ስሞችን እንደ ሰው አስነስቶ የወንጀል ታሪክ ይተርክባቸዋል። ኪው ቲፕ ያኔ ከእነሱ የቀደመ፣ ስሙ የተተከለ ሰው ነው፤ እሱም የኩዊንስ ልጅ። በአልበሙ ላይ ቢት ሠርቷል፣ ድምፅም አስተካክሏል። ከቅኔ ቤት ጋር ሳስተያየው አስነጋሪው እሱ ነበር። መምህር ሆኖ አላዘዛቸውም። ያመጡትን ሰምቶ የጎደለውን ሞላላቸው።

አሁን ስለ ፒያኖው። ይህን ለማንም ስነግር እጄ ይንቀሳቀሳል።

ሂፕ ሆፕ ላይ ሳምፕል ማለት ከድሮ ዘፈን ቁራጭ ወስዶ አዲስ ነገር መሥራት ነው። ሰሚው ደግሞ ቁራጩ ከየት እንደመጣ መፈለግ ይወዳል። የ«ሹክ ዋንስ» ዋናው ዜማ፣ ያ ፒያኖ ይሁን ደወል ያልታወቀው ነገር፣ ከየት እንደመጣ ለ16 ዓመት ሰው ሳያውቀው ኖረ። ቪናይል ሸክላ የሚሰበስቡ፣ ሌላ ሥራ የሌላቸው እስኪመስል ድረስ የሚያዳምጡ ሰዎች ፈለጉ። አጡት። በ2011 ተገኘ። የጃዝ ፒያኖ ተጫዋቹ የኸርቢ ሃንኮክ «ጄሲካ» ነው፤ በ1969 የወጣ።

«ጄሲካ»ን ፈልጋችሁ ስሙት። በፍቅር የተሠራ፣ ለስላሳ፣ ዝግ ያለ የጃዝ ዜማ ነው። ሕጻን ቢያስተኙበት ይሆናል። ሃቮክ ከዚያ ውስጥ ጥቂት የፒያኖ ኖታ ቆርጦ፣ ቃናውን ለውጦ፣ ደጋግሞ ሲያዞረው ያ እሹሩሩ የሚመስለው ነገር ጨለማ ሆነ። የሚያስፈራ ሆነ። ሰም አቅልጦ በሻጋታው ውስጥ ወርቅ ማፍሰስ ይሉሃል ይሄ ነው፤ እዚህ ላይ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ሰሙ ጨለማው ነው። ወርቁ እሹሩሩው። በዚያ ሁሉ ማስፈራሪያ ሥር 16 ዓመት ሙሉ አንድ ሰው ለስለስ አድርጎ ፒያኖ ይጫወት ነበር፣ ማንም ሳያውቅ።

የኔታ ይሉ የነበረውን አስታወስኩ። ተማሪ ወርቁን የሚደብቀው ሰሚ እንዳያገኘው አይደለም። የሚያገኝ ሰሚ አለ ብሎ ስለሚያምን ነው። ሰሚውን ያላከበረ አይደብቅም፤ ዘርግፎ ይሄዳል።

ሁሉንም ወድጄዋለሁ ማለቴ አይደለም። ሴቶችን የሚጠሩበት ቃል አለ፣ እህቴ አጠገቤ ስትሆን የማላስከፍተው። ስለ መግደል የሚያወሩበት ቅለት አሁን ድሮ ከሚከብደኝ በላይ ይከብደኛል፤ ተኩስ በዘፈን መስማትና በመስኮት መስማት አንድ አይደለም። አንዳንዴ ዘልዬ አልፋለሁ። ግን ዋሽተውኛል ብዬ አላውቅም። በቅዠት ውስጥ ያለ ሰው የሚናገረውን ነው የተናገሩት፤ ያማረ እንዲሆን አልሠሩትም።

ድምፁም እንዲሁ ነው። ፕሮዲጂ አይጮህም። የመጀመሪያው አልበም ላይ ይጮህ የነበረ ልጅ እዚህ ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ቀጥ አድርጎ፣ አጠገብህ ቁጭ ብሎ እንደሚያወራ ይናገራል። የሚጮህ ሰው ሲያስፈራራህ መንገድ ትለውጣለህ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚያወራውን ግን ትጠጋዋለህ።

መንገድ ሲከፈት አዲስ አበባ የምሄድበት ጉዳይ ነበረኝ። ጠዋት ነው የተነሳነው። ደጀን ስንደርስ አልበሙን ከመጀመሪያው ጀመርኩት። ከአንድ ሰዓት ጥቂት ያልፋል፤ የአባይን በረሃ ወርዶ ለመውጣት አውቶብሱ ከሚፈጀው ጋር ይቀራረባል። ስንወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ይመጣል፣ ጆሮ ይደፈናል፣ ሰው ሹራቡን ያወልቃል። ድልድዩ ላይ ስንደርስ አልበሙ ገና መሀል ላይ ነው። የጎሃ ጽዮንን ዳገት አውቶብሱ እያቃሰተ ሲያያዘው ነው «ሹክ ዋንስ» የመጣው። መጨረሻው ላይ ነው ያስቀመጡት፤ 15ኛ። ትልቁን ዘፈናቸውን ሰው ሰዓት ሙሉ ጠብቆ እንዲደርስበት አደረጉ። ኩዊንስብሪጅም በድልድይ የተሰየመ ሰፈር ነው።

በረሃው ውስጥ ስናልፍ አንዲት እናት ለልጇ «እዚህ ሰው አያድርም፣ ወባ አለ» ስትል ሰማሁ። ፕሮዲጂ ትዝ አለኝ። ሲወለድ ጀምሮ ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ ነበረበት። የደም ሕዋሳት ቅርጻቸው እንደ ማጭድ ይቆለመምና ጠባቡ የደም ሥር ላይ ይሰካሉ፤ ሕመሙ አጥንት ውስጥ ነው ይላሉ። ከልጅነቱ ጀምሮ ሆስፒታል መግባትና መውጣት ነበር ኑሮው። የበሽታው ምንጭ የሆነው ዘር ደግሞ ከአንድ ወላጅ ብቻ ሲወረስ ሰውን ከከባድ ወባ ይከላከላል፤ ስለዚህ ነው ወባ ባለበት አገር፣ በተለይ አፍሪካ ውስጥ፣ በዝቶ የኖረው። ከሁለቱም ወላጅ ሲወረስ ነው የሚያሳምመው። የጥንት ዘመዶቹን አንድ በረሃ ውስጥ ከንዳድ ያዳነ ነገር፣ ስንት ትውልድ ተሻግሮ፣ ኒው ዮርክ ላይ አንድን ልጅ ሌሊት ሌሊት ሲያስጮኸው አደረ። 19 ሆኜ አእምሮዬ አርጅቷል ያለው ስለ መንደሩ ብቻ አልነበረም ብዬ አስባለሁ። ሰውነቱም ቀድሞ ነግሮታል።

ጁን 20 ቀን 2017፣ ሰኔ 13 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ አረፈ። ላስ ቬጋስ ላይ መድረክ ሠርቶ፣ ሕመሙ ተነስቶበት ሆስፒታል በገባ በቀናት ውስጥ። 42 ዓመቱ ነበር።

ባለፈው ዓመት ደብረ ኤልያስ ወርጄ አጎቴን ጠየቅኳቸው። እርጅና ተጫጭኗቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጆሯቸው ግን ጆሮ ነው። ማታ ተማሪዎቹ ወደየጎጇቸው ሲሄዱ እሳት ዳር ቀረን። ምን ታዳምጣለህ አሉኝ፤ ኢርፎኑ አንገቴ ላይ ነበር። ዘፈን ነው አልኳቸው። ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው «እስቲ» አሉኝ። አንዱን ጆሯቸው ውስጥ አደረግሁላቸው። ሌላውን እኔ።

አንድ ቃል እንግሊዝኛ አያውቁም። ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር የሰሙት፤ ተማሪ ቅኔ ሲነግራቸው እንደሚሰሙት። ግማሹ ላይ ሲደርስ «ይሄ ልጅ ምን አስፈራው?» አሉኝ።

መልስ አጣሁ። እኔ ስንት ዓመት ሰምቼው፣ ተኩስ ሥር ተቀምጬ ነው የገባኝ።

«ምን ይባላል ዘፈኑ?» አሉኝ።

«ሹክ ዋንስ ይባላል፣ የኔታ።»

«ሹክ?» አሉ። ፈገግ አሉ። «ሹክ ይላል?»

«በእነሱ ቋንቋ ሹክ ማለት የተናወጠ፣ የደነገጠ ማለት ነው።»

«የደነገጠም ሹክ ነው የሚለው» አሉ። ከዚያ እስኪያልቅ ዝም ብለው ሰሙት።

ሲያልቅ ኢርፎኑን አውጥተው መዳፋቸው ላይ ይዘው ቆዩ። እሳቱን በእንጨት ቆሰቆሱት። ጭሱ ወደኔ መጣ።

«ልጁ አሁን አለ?» አሉኝ።

«የለም፣ የኔታ። ሞቷል። ታሞ ነበር።»

«ስሙ ማን ነበር?»

የመድረክ ስሙን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ ተውኩት።

«አልበርት» አልኳቸው።

«አልበርት» ብለው ደገሙት፤ እንዳይሳሳቱበት ቀስ አድርገው። «ነፍሱን ይማረው።»